የእህቴ ልብ ማታ ማታ እንደ ሰዓት ይቆጥራል

«ሰላም ለዚህ ዓምድ አዘጋጅ፣ ከደሴ አካባቢ ነው የምጽፍልሽ። ታናሽ እህቴ 23 ዓመቷ ነው። ልጅ ሆና ቶንሲል እየተመላለሰ ያማት ነበር፣ በኋላ ልቧ ላይ ወጥቷል ተባልን፣ ትንሽ ዳገት ስትወጣ ትንፋሿ ይቆረጣል፣ ማታ ሦስት ትራስ ካልደራረበች አትተኛም። ስንት ዓመት ወረፋ ጠብቀን ዘንድሮ አዲስ አበባ ደረቷ ተከፍቶ ማይትራል የሚባለው የልቧ በር (ቫልቭ) በብረት ተቀየረላት፣ ክብሩ ይስፋ። ቤት ከገባች ዛሬ 4 ሳምንቷ ነው፣ የማስታምማት እኔ ነኝ። ችግሩ ቤቱ በሙሉ ሐኪም ሆኗል። እማዬ ጎመን ደም ያረጋል ሲባል ሰምታ ቅጠል የሚባል ነገር ከበር አታስገባም። አክስቴ ደግሞ የምትውጠው ዋርፋሪን የአይጥ መርዝ ነው ብሎ ሰው ነግሯቸው፣ ጾሙ ሲገባ እሱን ትታ ሁለት ሱባኤ ጸበል ትግባ እያሉ ነው። ጠያቂ ከጠዋት እስከ ማታ አይጠፋም። የእጮኛዋ ቤተሰቦች ደግሞ መውለድ ትችላለች ወይ ብለው ሰው ልከው አስጠየቁን። እሷ ከአልጋ አትወርድም፣ ታለቅሳለች፣ እንኳን ተረፍሽ ሲሏት ፊቷን ወደ ግድግዳ ታዞራለች። ባለፈው ሳምንት አተኩሷት ነበር፣ በማግስቱ ለቀቃት። የምንተኛው አንድ ክፍል ነው፣ ልቧ እንደ ሰዓት ቀጭ ቀጭ ሲል ይሰማኛል፣ እሱን ስቆጥር ይነጋል። ምን ላርግ?»

እህቴ፣ እንኳን እግዚአብሔር ማረላችሁ። እኔ የልብ ታካሚዎች ክትትል ክፍል ውስጥ ብዙ ዓመት ነርስ ሆኜ ሠርቻለሁ፣ ደብዳቤሽን ሳነብ የጸበሉን የጎመኑን የሰርጉን ሁሉ አልፌ አንድ ቦታ ላይ ነው ቀጥ ያልኩት፣ እንደዋዛ ጣል ያረግሻት ነገር ላይ፣ «አተኩሷት ነበር በማግስቱ ለቀቃት» ያልሽው። ከእሷ ካልጀመርኩ ሌላውን በሰላም መጻፍ አልችልም።

ቫልቭ የተቀየረለት ሰው ትኩሳት እንደ እኔና እንደ አንቺ ትኩሳት አይደለም። ጉንፋን ሊሆን ይችላል፣ ብዙ ጊዜም ጉንፋን ነው፣ ግን አዲሱ ቫልቭ ላይ ጀርም ተቀምጦ ሊሆን ይችላል፣ ወይ ከደረቷ ቁስል የመጣ ሊሆን ይችላል፣ እና ይሄኛው መጣ ሄደ እያለ ሰውን ያታልላል፣ ዛሬ ያተኩሳል ነገ ይለቃል ከዚያ በሳምንቱ ይመለሳል። ስለዚ ለቀቃት ብለሽ አትተይው። ነገ ጠዋት ይዘሻት ውጪ፣ ከሆስፒታል ስትወጣ የተሰጣትን ወረቀት ይዘሽ፣ እና ወደ ጤና ጣቢያ ሳይሆን በቀጥታ ትልቁ ሆስፒታል ውሰጃት። ደግሞ እኛ አገር ምን እንደሚሆን አውቃለሁ፣ ትኩሳት ሲባል ጣት ተወግቶ «ታይፎይድና ታይፈስ አለባት» ይባልና ሲፕሮ የሚባለው አንቲባዮቲክ ይታዘዛል። እዚህ ላይ ድፍረት ይኑርሽ፣ «ቫልቭ ተቀይሮላታል፣ አንቲባዮቲክ ከመጀመሯ በፊት የደም ካልቸር ይሠራላት» በይ፣ በዚችው ቃል። ካልቸር ማለት ደሟ ተወስዶ ጀርም ይበቅልበት እንደሆነ የሚታይበት ምርመራ ነው። አንቲባዮቲኩ ቀድሞ ከገባ ጀርሙ በካልቸር ላይወጣ ይችላል፣ ከዚያ ሐኪሙም በጭፍን ነው የሚያክመው። ሲፕሮ ደግሞ ከዋርፋሪን ጋር ሲገናኝ ደሟን ከሚፈለገው በላይ ሊያቀጥነው ይችላል፣ ስለዚ በሁለት በኩል ነው ጉዳቱ። ቴርሞሜትር ግዢ፣ ከፋርማሲ በትንሽ ብር ይገኛል፣ ከ38 ካለፈ ጠዋትም ይሁን ሌሊት አትጠብቂ።

እሺ አሁን ወደ አክስትሽ። አክስትሽ አልዋሹም፣ ይሄን መጀመሪያ ልንገርሽ፣ ምክንያቱም «ውሸት ነው» ብለሽ ከተከራከርሻቸው እሳቸው እውነቱን የሚያውቅ ሰው ያመጡና አንቺ ታፍሪያለሽ። ታሪኩ እንዲህ ነው፣ በ1920ዎቹ በፈረንጅ አቆጣጠር አሜሪካና ካናዳ ውስጥ ከብቶች የሻገተ ድርቆሽ በልተው ደማቸው አልቆም እያለ ይሞቱ ነበር፣ ከዚያ ካርል ሊንክ የሚባል ተመራማሪ ከነባልደረቦቹ ዊስኮንሲን ዩኒቨርሲቲ ሆኖ በድርቆሹ ውስጥ ያለውን ነገር ለየው፣ ከዚሁ ተነስተው የሠሩት ዋርፋሪን በ1948 ለአይጥ ማጥፊያ ወጣ፣ እውነት ነው። ግን ወዲያው ሐኪሞች ነገርዬው በልክ ከተሰጠ ሰው ውስጥ ደም እንዳይረጋ እንደሚያረግ አዩና በ1954 ለሰው መድኃኒትነት ተፈቀደ፣ በዓመቱ የአሜሪካው ፕሬዚዳንት አይዘንሃወር ልባቸውን ሲታመሙ እሱኑ ወስደዋል። መርዝና መድኃኒት የሚያረገው ልኩ ነው። አክስትሽን እንዲህ በያቸው፣ «እታለም፣ አይጧ የምትሞተው ልክ የሚለካላት ስለሌለ ነው፣ ለእህቴ ግን እየተለካ ነው የሚሰጣት»። በዚህ ነው የሚገባቸው።

ለምን እንደምትወስደው ደግሞ ቤቱ በሙሉ መስማት አለበት። እናንተ ብረት የምትሉት ቫልቭ አብዛኛው ክፍሉ ከካርቦን ነው የሚሠራው፣ ጠንካራ ነው፣ በእሷ ዕድሜ ላለ ሰው የሚመረጠውም ከእንስሳ የሚሠራው በተለይ ወጣት ላይ ቶሎ ስለሚያረጅ ነው። ግን ደም እሱን ባዕድ አርጎ ነው የሚያየው፣ ላዩ ላይ መርጋት ይፈልጋል። የረጋችው ነገር ተቆርጣ ወደ ጭንቅላት ከሄደች ስትሮክ ነው፣ እዛው ከቆየች ደግሞ ቫልቩ አልከፈት አልዘጋ ይላል። ዋርፋሪኑ ያንን ነው የሚከለክለው፣ እና ለጥቂት ወር አይደለም፣ ቫልቩ እስካለ ድረስ ነው፣ ዕድሜ ልክ ማለት ነው። ይሄን ማንም በግልጽ ያልነገራችሁ ከሆነ እኔ ልንገራችሁ፣ ከባድ ነው አውቃለሁ፣ ግን 20 ዓመትና ከዚያ በላይ እንዲህ እየዋጡ ሠርተው ልጅ አሳድገው የሚኖሩ ሰዎች አሉ።

ልኩ የሚታወቀው አይ ኤን አር በሚባለው የደም ምርመራ ነው። መድኃኒት የማይወስድ ሰው 1 አካባቢ ነው የሚሆነው፣ ማይትራል ቫልቭ በብረት ለተቀየረለት ሰው አብዛኛውን ጊዜ ከ2.5 እስከ 3.5 ነው የሚፈለገው፣ የእሷን ግን ወረቀቷ ላይ የተጻፈውን ነው የምትከተሉት። ከዚያ ካነሰ ይረጋል፣ በጣም ካለፈ ይደማል። አሁን ገና 4 ሳምንቷ ስለሆነ በየሳምንቱ ወይም ሐኪሟ ባለው ቀን መለካት አለባት፣ ሲረጋጋ ወደ ወር አካባቢ ይሰፋል። ቅርባችሁ ካልተገኘ ደሴ ከተማ ያሉትን ላብራቶሪዎች ቀድመሽ በስልክ ጠይቂ፣ ማሽኑ ይሠራል ወይ ሪኤጀንት (የመመርመሪያው ኬሚካል) አለ ወይ ብለሽ፣ የትራንስፖርት ብር ከስክሳችሁ ሄዳችሁ «ዛሬ የለም» እንዳትባሉ። ኪኒኑ ማታ ማታ አንድ ሰዓት ላይ ይሁን፣ ማታ የሚመረጠው ቀን የተለካው ውጤት መጥቶ ሐኪሙ ቀንሱ ወይ ጨምሩ ካለ በዛው ቀን ማስተካከል እንዲቻል ነው። ረስታ ከሆነና እዛው ማታ ካስታወሰች ትውሰድ፣ ከነጋ ግን በማግስቱ ሁለት አርጋ እንዳትውጥ፣ የሳተችውን ጽፋ ትቀጥል። ፋርማሲ ስትገዙ የሚሊግራሙን ቁጥር እዩ፣ ቀለሙን አትመኑ፣ ፋብሪካው ሲቀየር ቀለሙም ሊቀየር ይችላል። ደግሞ አስር ኪኒን ሲቀር ነው መግዛት የሚጀመረው፣ አንድ ሲቀር አይደለም፣ መድኃኒት ከገበያ የሚጠፋበት አገር ነው ያለነው።

ሌላ መድኃኒት ደግሞ ከዚህ በኋላ ዝም ብሎ አይዋጥም። ራስ ምታት ሲሆን ዳይክሎፌናክ ወይ አይቡፕሮፌን አይሆንም፣ ፓራሲታሞል በልኩ ይሆናል። ሆድ ሲቆርጥ ከጎረቤት የሚገኘው ፍላጂል እንኳን ዋርፋሪኑን በጣም ያጠነክረዋል። ዳማከሴውም ሌላውም ተጨምቆ የሚጠጣ ቅጠልም እንደዛው፣ ሐኪም ሳይጠየቅ አይሆንም።

አሁን ጎመኑ። እማዬ (እማዬ ልበላቸው እኔም) የሰሙት ነገር ግማሹ ልክ ነው። ጎመን፣ ቆስጣ፣ ሰላጣ ቫይታሚን ኬ የሚባል ነገር በብዛት አላቸው፣ እሱ ደግሞ የዋርፋሪን ተቃራኒ ነው፣ አንዱ ሲጎትት ሌላው ይይዛል። ግን መፍትሔው መከልከል አይደለም! ስንቱን ቤት አየሁ መሰለሽ ጎመን እንደ ጠላት የተባረረበት፣ ከዚያ የኪኒኑ ልክ ያለ ጎመን ይስተካከላል፣ ልጅቷ አይ ኤን አሯ 3 ላይ ቁጭ ይላል፣ ሁሉም ደስ ይለዋል፣ ከዚያ ዐቢይ ጾም ይገባል፣ 55 ቀን፣ ቤት ውስጥ ሽሮና ጎመን ነው፣ እሷም ከሰው እኩል ትበላለች፣ በሁለት ሳምንት ውስጥ ቁጥሩ 1.6 ይወርዳል፣ ማንም አያውቅም ምክንያቱም አያማትም፣ ደም ሲረጋ አይታወቅም። ከዚያ ሐኪሙ ኪኒኑን ይጨምራል፣ ፋሲካ ይመጣል፣ ጎመኑ ቆሞ ዶሮና ሥጋ ብቻ ይሆናል፣ አሁን ደግሞ ቁጥሩ ወደ ላይ ይፈነጠራል፣ ጥርሷን ስትፋቅ ድዷ ይደማል። እኔ ከፋሲካ በኋላ ያሉትን ሳምንታት ክትትል ክፍል ውስጥ በዚህ ነው የማስታውሳቸው።

ስለዚ ጎመን ይገባ። ግን መጠኑ ይወሰን፣ ለምሳሌ በሳምንት ሦስት ቀን አንድ አንድ ጭልፋ፣ ጾም ሆነ ፍስክ ያው ሦስት ቀን ያው አንድ ጭልፋ። ጾም ሲገባ ጎመኑ በጭልፋው ልክ ይቁምና ሌላው በምስር፣ በክክ፣ በሽሮ፣ በባቄላ ይሞላ። ጾሙ ከገባ በሳምንት በአስር ቀን ውስጥ አንዴ ተለኩ፣ ከፋሲካ በኋላም እንደዛው አንዴ። ጎረቤቶቻችሁ ውስጥ ሙስሊም ታካሚ ካለ ለሮመዳንም ይሄው ነው፣ የሚበላው ነገርና ሰዓቱ ስለሚቀየር።

መጾሙን በተመለከተ፣ አሁን ደረቷ እየገጠመ ያለ ሰው ናት፣ እንቁላልም ወተትም ያስፈልጋታል፣ ቤተክርስቲያንም በሽተኛን አታስገድድም፣ የንስሐ አባታችሁን ጥሪና እቤት መጥተው በእማዬና በአክስትሽ ፊት ይንገሯት። ከእሳቸው አፍ ሲወጣ ነው ቤቱ ጸጥ የሚለው። ጨው ግን ለሁሉም ይቀነስ፣ ላዚክስ (ውሃ በሽንት የሚያስወጣውን ኪኒን) የምትወስድ ከሆነ በተለይ።

ጸበሉ። እኔም አማኝ ነኝ፣ ጸበል አትሂድ ብዬ አልጽፍም፣ ብጽፍም አትሰሙኝም። የምጽፈው አንድ ነገር ነው፣ ኪኒኑን ትታ አትሂድ። አንድ ልጅ ነበር፣ ዕድሜው ከእህትሽ ብዙም የማይርቅ፣ ቫልቩ ከተቀየረ ሁለት ዓመት አልፎት ነበር፣ ደህና ሆኖ ሥራ ጀምሮ። ቤተሰቡ በሙሉ እምነት «እምነትህ ከጎደለ አይሠራም» ብለው ኪኒኑን አስተዉትና ጸበል ገባ። ከሁለት ሳምንት በኋላ በሰው ተደግፎ ነው የመጣው፣ ቀኝ እጁ አይነሳም፣ አፉ ተጣሟል፣ ሊያናግረኝ ይፈልጋል ቃል አይወጣውም፣ እናቱ አጠገቡ ቆመው «እኔ ነኝ፣ እኔ ነኝ» ይሉ ነበር። እኚህን እናት አልረሳቸውም። ማንም ክፉ አልነበረም እዛ ቤት ውስጥ።

ለአክስትሽ ይሄን ንገሪያቸው፣ አቡነ ጳውሎስ በፓትርያርክነታቸው ዘመን ስለ ኤችአይቪ መድኃኒት ይሄው ጥያቄ ተነስቶ ጸበሉም መድኃኒቱም አብሮ ይወሰድ ብለው በአደባባይ ተናግረዋል፣ ያኔ እንጦጦ ላይ ብዙ ሰው መድኃኒቱን እየጣለ ስለነበረ ነው። ለኤችአይቪ ከሆነ ለልብም ይሆናል። በተግባር ደግሞ እንዲህ አርጉ፣ ቁስሉ ሙሉ በሙሉ እስኪዘጋና ሐኪሟ አይቶ እስኪፈቅድ መጠመቅ አይኑር፣ ግፊያ ያለበት ቦታ ደረቷን ያስመታታል፣ የደሴ ብርድ ደግሞ እንዳለ ነው። እቤት መጥቶላት በትንሽ ብርጭቆ ትቅመስ፣ በብዛት ጠጥታ የሚያስመልሳት ከሆነ ግን የዋጠችው ኪኒን አብሮ ይወጣል፣ ስለዚ በሰዓት ይለያይ።

ደረቷን በተመለከተ ቶሎ ቶሎ ልንገርሽ። መሃሉ ላይ ያለው አጥንት ተቆርጦ በሽቦ ነው የታሰረው፣ በደንብ እስኪገጥም እስከ 3 ወር ይፈጃል። እስከዛ ከ4 ወይ ከ5 ኪሎ በላይ አታንሳ፣ ባለ 5 ሊትሩ ጀሪካን ሲሞላ 5 ኪሎ ነው፣ እሱ ራሱ ጣሪያው ነው ማለት ነው፣ ባለ 20ው አይታሰብም። እንጀራ መጋገር አይሆንም፣ አክምባሎ ማንሳትና መገልበጥ ደረትን ይስባል፣ ጭሱም ለትንፋሽ አይሆንም፣ ልብስ ማጠብና መጭመቅም እንደዛው፣ ሕፃን ብድግ ማረግም። ከአልጋ ስትነሳ በእጇ ገፍታ ሳይሆን በጎኗ ተንከባላ እግሯን አውርዳ ትቀመጥ፣ ስታስል ትራስ ደረቷ ላይ አቅፋ ታስል። ቁስሉ በውሃና በሳሙና በስሱ ይታጠብና ይድረቅ፣ ቅቤም ቅባትም አይቀባም። ከቁስሉ መግል ካየሽ፣ ወይም ስትንቀሳቀስ አጥንቱ ቀጭ ሲል ከተሰማት (ይሄ የቫልቩ ቀጭታ አይደለም፣ ሌላ ነው፣ መሃል ደረቷ ላይ የሚሰማ ነው) ወዲያው ሐኪም። ጠዋት ጠዋት ሽንቷን ሸንታ ምግብ ሳትበላ ሚዛን ላይ ትውጣ፣ በአንድ ቀን ከአንድ ኪሎ በላይ ወይም በሳምንት ከሁለት ኪሎ በላይ ከጨመረች ውሃ እያጠራቀመች ሊሆን ይችላል።

ግን አልጋ ላይ መዋሏ ራሱ ልክ አይደለም፣ መራመድ አለባት። ዛሬ እስከ አጥሩ በር፣ ነገ ደርሳ መልስ፣ አምስት አምስት ደቂቃ በቀን ሦስት አራቴ፣ በየቀኑ ትንሽ እየጨመረች፣ እያወራች መራመድ ከቻለች ልኩ ነው፣ ወሬዋ ከተቆረጠ ትረፍ።

አሁን የልቅሶዋ ነገር፣ እሱ ላይ ነው ቆም ማለት የምፈልገው ምክንያቱም ደብዳቤሽ ውስጥ ሁሉም ሰው ስለ እሷ ይናገራል፣ እሷ ግን አንድ ቃል አልተናገረችም። አስተውለሽዋል? እናት አክስት ጠያቂ አማች ሁሉም ሐሳብ አለው፣ የ23 ዓመቷ ሴት ልጅ ግን ግድግዳውን ነው የምታየው። ከልብ ኦፕራሲዮን በኋላ ማልቀስ፣ ክፉ ሕልም ማየት፣ በትንሹ መቆጣት በጣም የተለመደ ነው፣ ሐኪም ቤት ሰው አስቀድሞ ስለማይነግራቸው የሚያብዱ ይመስላቸዋል። ሰው ደግሞ «እንኳን ተረፍሽ፣ አመስግኚ» ይላታል፣ እሷ ግን ደረቷ ላይ ከላይ እስከ ታች ጠባሳ አላት፣ ዕድሜ ልክ ኪኒን አላት፣ ሰው ሁሉ የሚሰማው ድምፅ ውስጧ አላት፣ ይሄን ሁሉ ተሸክማ እንድትስቅ ነው የሚጠበቅባት። እንድታለቅስ ፍቀጂላት። «አይዞሽ» ከማለት ይልቅ አጠገቧ ቁጭ ብለሽ ዝም በይ፣ «ምኑ ነው የከበደሽ» በይና መልሱ እስኪመጣ ጠብቂ።

ጠያቂውን ደግሞ ሰዓት ወስኚለት፣ ከ10 ሰዓት እስከ 12 ሰዓት በይ፣ በአንዴ ሁለት ሰው፣ ጉንፋን ያለበት ከውጭ ሆኖ «እግዜር ይማርሽ» ብሎ ይሂድ። ሰው ይቀየማል ብለሽ አትፍሪ፣ «ሐኪሙ ነው ያዘዘው» በይ፣ ይኸው እኔ አዝዣለሁ፣ በእኔ አሳብቢ። ሌላ አንድ ነገር፣ ደብተር ግዢላት። ቀን፣ የኪኒን መጠን፣ የአይ ኤን አር ውጤት፣ ክብደት፣ ትኩሳት፣ ስንት ደቂቃ እንደተራመደች። ጻፊዋ እሷ ራሷ ትሁን፣ አንቺ አትጻፊላት። ይሄ ትንሽ ነገር ይመስላል ግን እኔ በዓይኔ ያየሁት ነው፣ ደብተሩ በእናትየው እጅ ያለ ልጅና በራሱ እጅ ያለ ልጅ ክትትል ሲመጡ አቀማመጣቸው ራሱ ይለያያል። ለሁለት ሳምንት ያህል እንቅልፍም ምግብም እምቢ ካላት፣ ወይ መሞት ነበረብኝ ማለት ከጀመረች ግን ይሄ የሚታከም ነገር ነው፣ ለልብ ሐኪሟ በግልጽ ንገሩት፣ ለድብርት የሚሰጠው መድኃኒትም ከዋርፋሪን ጋር ታይቶ ነው የሚመረጠው።

የእጮኛዋ ቤተሰብ የላኩትን ጥያቄ በተመለከተ፣ በመጀመሪያ ያንን ጥያቄ ቤተሰብ ለቤተሰብ አትመልሱት። የእሷ ሰውነት ነው፣ ከልጁ ጋር ሁለቱ ብቻ ቁጭ ብለው የሚያወሩት ነው፣ ከቻሉም ሐኪሟ ጋር አብረው ይግቡ፣ የሚወዳት ከሆነ ይገባል። እውነቱ ግን እንዲህ ነው፣ መካን አልሆነችም፣ ማርገዝ ትችላለች። ነገር ግን የብረት ቫልቭ ያላት ሴት እርግዝና ከባድ አደጋ ያለበት ነው። ዋርፋሪን በተለይ ከ6ኛው እስከ 12ኛው ሳምንት ድረስ ፅንሱን ሊጎዳ ይችላል፣ ደግሞ «ለልጄ ስል» ብላ ብታቆመው ቫልቯ ላይ ደም ይረጋል፣ ስለዚ ይሄ ሳይታሰብበት የሚገባበት ነገር አይደለም። ከማርገዟ በፊት የልብ ሐኪሟና የማህፀን ሐኪም አብረው ማቀድ አለባቸው። እስከዛ ከተጋቡ መከላከያ ያስፈልጋታል፣ ኤስትሮጅን ያለበት ኪኒን ደም ስለሚያረጋ ለእሷ አይሆንም፣ ክንድ ውስጥ የሚቀበረው ብዙ ጊዜ የተሻለ ነው፣ እሱንም ሐኪሟን ጠይቃ። የወር አበባዋ ከበፊቱ ሊበዛ ይችላል፣ ፓድ በየሰዓቱ የሚያስቀይር ከሆነ ግን አይ ኤን አሯ ይታይ፣ ይሄን ነገር ለወንድ ሐኪም መናገር አፍራ እንዳትደብቅ አንቺ እህቷ አብረሻት ግቢ።

ሁለት ነገር ልጨምርና ወደ ድምፁ ልመጣ። ቶንሲሉ ተመልሶ ልቧን እንዳይጎዳ በየወሩ የፔኒሲሊን መርፌ ትወጋ ከነበረ፣ እሱ «ቫልቭ ተቀየረ አበቃ» ተብሎ አይቆምም። የተቀየረው አንድ ቫልቭ ነው፣ ሌሎቹ የራሷ ናቸው፣ ቶንሲሉ ተመልሶ ከመጣ እነሱን ይበላል። ዋርፋሪን ላይ ስላለች መርፌው በጡንቻ ይቀጥል ወይስ በሚዋጥ ይቀየር የሚለውን ሐኪሟ ይወስን፣ ብቻ ክፍተት አይኑር። ሁለተኛው ጥርስ ነው። ጥርስ ከመነቀሏ በፊት ቫልቭ እንዳላት ትንገር፣ ቀድሞ የሚወሰድ አንቲባዮቲክ አለ። እና እባካችሁ ጉሮሮዋን ሲያማት እንጥል ማስቆረጥ፣ ዋግምት፣ ንቅሳት የሚባል ነገር ፈጽሞ፣ ደሙም አይቆምላትም ጀርሙም በቀጥታ ልቧ ላይ ነው የሚሄደው።

ቤት ውስጥ ያለ ሰው ሁሉ ደግሞ ይሄን ይወቅ፦ አፏ ከተጣመመ፣ አንድ እጇ ወይ እግሯ ከሰነፈ፣ ንግግሯ ከተኮላተፈ፣ ሰገራዋ እንደ ሬንጅ ከጠቆረ፣ ወድቃ ጭንቅላቷን ከተመታች (ባያማትም)፣ «ይለቃት ይሆናል» ተብሎ አይታደርም። የቀይ መስቀል አምቡላንስ 907 ነው፣ ግድግዳ ላይ ጻፊው፣ ካልተገኘ ባጃጅም ቢሆን።

ድምፁ። ቀጭ ቀጭ የሚለው የቫልቩ ሁለት ክንፎች ሲዘጉ ነው፣ ጤነኛ ድምፅ ነው፣ እየሠራ ነው ማለት ነው። በደቂቃ 70 ጊዜ ቢመታ በቀን ከ100 ሺህ በላይ ነው፣ አንቺ ቆጥረሽ አትጨርሺውም እህቴ፣ አንቺ ስለቆጠርሽውም አይደለም የሚሠራው። በጎኗ ስትተኛ ወፈር ያለ ብርድ ልብስ ደረቷ ላይ ካረገች ይቀንሳል፣ ከጥቂት ወር በኋላ ሁለታችሁም ትለምዱታላችሁ፣ ብዙዎቹ እንደውም ካልሰሙት ይደነግጣሉ። መደንገጥ ያለብሽ አንድ ጊዜ ብቻ ነው፣ ጥርት ያለው ድምፅ ድንገት ከታፈነ ወይ ከጠፋና ትንፋሿ ካጠራት፣ ያኔ በዛው ደቂቃ ሆስፒታል።

አንቺ 4 ሳምንት ሙሉ አልተኛሽም። ዛሬ ማታ እማዬ ከእህትሽ ጋር ይተኙ፣ አንቺ ሌላ ክፍል ግቢ፣ ወይ ጎረቤት ሄደሽ እደሪ። ነገ ጠዋት ሆስፒታል ነው፣ ወረቀቷን ማታውኑ ከደጅ አጠገብ አስቀምጪው። ካልቸሩ ሲሠራ ውጤቱ ቀናት ይፈጃል፣ ሲመጣ ጻፊልኝ፣ እጠብቃለሁ።